ሦስተኛውና አራተኛው ጥቅል

ሰው ከዝንጀሮ መጣ፣ አልመጣም በሚለው ክርክር ውስጥ ገብቼ አላውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጅጅጋ ከተማ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሰውን ወደ ዝንጀሮ የመለስኩት እኔው ራሴ መሆኔን ነው። ምክንያቱም ሦስት ሜትር ጨርቅ ነበር። አንዳንዶቻችሁ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ምን ይቀባጥራል ትሉ ይሆናል። ታገሱኝ፣ እደርስበታለሁ።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ጅጅጋ የተመደብኩት ጦርነቱ ካለፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በአንድ የጠረፍ ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያልደረሰበት አያውቀውም። የመድኃኒት ወረቀት ያነባል፤ አዲስ ራዲዮ የገዛ ሁሉ መመሪያውን ይዞ ይመጣበታል፤ ፈረንጅ በከተማው ካለፈ ከምሳው ላይ ተጠርቶ ይሄዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ፊልም ሲመጣ ነው። በዚያ ዘመን ፊልም ያለ ተርጓሚ አይታይም ነበር። እኔ ከሸራው ጎን ቆሜ በማይክራፎን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ ባልደረባዬ መምህር ኦማር ከእኔ አፍ ተቀብሎ ወደ ሶማልኛ ይመልሳል። ሁለታችን አንዱን የፍቅር ቃል ተርጉመን እስክንጨርስ ፍቅረኞቹ ተጋብተው፣ ተጣልተው፣ ሊፋቱ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠዋል።

አንድ ቀን የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ አስጠራኝ። ስሙን ትቼ ጓድ ኃላፊ እለዋለሁ፤ እሱም ከስሙ ይልቅ ይሄን ይወድ ነበር። ባቡሩ ድንበር የሚሻገርባት ደወሌ ውስጥ ለባቡር ሠራተኞች የታየ አንድ ፊልም አለ ተብሎ ተነግሮታል። ፊልሙ የሚጀምረው በዝንጀሮ ነው፤ የሚያልቀው ጠፈር ላይ ነው። ጓድ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ደስታውን አልቻለውም። ሰውን ከዝንጀሮ የለየው ሥራ መሆኑን ሦስት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው አስተምሯል፤ ሕዝቡም ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ሰምቶታል። አሁን በዓይኑ ሊያሳየው ነው። ሂድና አምጣው አለኝ።

ሄድኩ። ደወሌ እንደደረስኩ ፊልሙን ከባቡር ሠራተኞቹ ጋር አንድ ጊዜ አየሁት። አምስት ጥቅል ነው። በአንደኛው ዝንጀሮዎች ጨረቃን አይተው ይንጫጫሉ። በሁለተኛው ሮኬት ይነሳል። በሦስተኛው መንኩራኩሯ ውስጥ አንድ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ወጣት ይበላል፣ ይተኛል፣ በመስኮት ያያል። በአራተኛው ዓመታት አልፈው ያው ሰው ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ የተበላሸ ነገር ሊጠግን ወደ ውጭ ሲወጣ የታሰረበት ገመድ ይበጠስና ጨለማው ይወስደዋል። አይመለስም። አምስተኛው ቀለም ብቻ ነው። ያንን እንኳን እኔ፣ የሠራውም ሰው የገባው አይመስለኝም።

ታዲያ ደወሌ ሄዶ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ወይ ታሟል ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፤ ከሚስቴም ጋር ሰላም ነን። ስለዚህ አበባ ያለበት ሦስት ሜትር የሐር ጨርቅ ገዛሁላት። ወገብ ላይ መጠምጠም የቆየ ዘዴ ነው፤ ጉምሩኮቹ ወፈር ያለ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። ዙሪያዬን ስቃኝ ዓይኔ ፊልሙ የተቀመጠባቸው ክብ ቆርቆሮዎች ላይ ዐረፈ። የመንግሥት ንብረት፣ ማኅተም ያለበት። ማን ይነካዋል? ጨርቁን አጣጥፌ ከአራተኛው ጥቅል ሥር አነጠፍኩት። በዚያች ሰዓት ከእኔ በላይ ብልህ ሰው ከደወሌ እስከ ድሬዳዋ የለም ብዬ አምኜ ነበር።

የጉምሩኩ ሰው ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ኳ ኳ አደረጋቸው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከፈተው፣ ጨርቁን በዝግታ ስቦ አወጣና፣ ይሄም የፊልሙ ክፍል ነው ወይ ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ከዚያ የቀሩትንም ከፍቶ አምስቱንም ጥቅል ጆንያ ላይ ዘረገፋቸው። የመንግሥት መልእክተኛ በመሆኔ እኔን ተወኝ፤ ጨርቁን ግን አልተወውም። በዚህ መሀል ባቡሩ ጮኸ። ቁጥር የተጻፈው ቆርቆሮዎቹ ላይ ነው እንጂ ጥቅሎቹ ላይ አይደለም፤ ቢኖርም ላብ የሞላው ዓይኔ አላየውም። እጄ ያገኘውን ባገኘሁት ቆርቆሮ ከተትኩና ሮጥኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ግን አፍሼ መልቀሜን እንኳ ያወቅሁት ጅጅጋ፣ ሕዝብ ፊት ነው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ አዴር ዋርሳሜ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የእሳቸው ነውና። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ስለነበሩ መምህሩም ተማሪውም አዴር ይላቸዋል። ጢማቸውን በሒና ያቀላሉ። ሐሙስ ሐሙስ ከበሩ አጠገብ ትንሽ መስተዋት ይዘው ተቀምጠው ጢማቸውን ሲያስተካክሉ ርእሰ መምህሩም ቢመጣ አይነሱም። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ እኔንም፣ ርእሰ መምህሩንም፣ ጓድ ኃላፊንም አንተ ይላሉ። ሶማልኛ ሰውን አንቱ ብሎ አያርቅም ይሉ ነበር።

በጦርነቱ ዓመት ሕዝቡ ከተማውን ለቆ ሲወጣ፣ ማሐድ የሚባል አንድ ልጃቸው ዕቃ የሚጫንበት አህያ ላምጣ ብሎ ወጣ። አህያዋ ተመለሰች። ማሐድ አልተመለሰም። ከሰዉ ጋር ወደ ድንበር ሲሄድ አየነው ያሉ አሉ፤ አላየንም ያሉም አሉ። ይሄው ስምንት ዓመት። ባለቤታቸው ሐዋ ከዚያን ቀን ወዲህ ከግቢዋ አልወጣችም። ልጁ ቢመጣ ቤቱን ባዶ እንዳያገኘው ነው። ገበያ አትሄድም፣ ለቅሶ አትደርስም፤ ሰው ሲሞትባት እንኳ ሟቹን በር ላይ ቆማ ነው የሸኘችው።

ቆርቆሮዎቹን ተሸክሜ በትምህርት ቤቱ በር ስገባ አዴር ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ። ፊልም ነው፣ ሩቅ ስለሄደ ሰው ነው አልኳቸው። ምን አናገረኝ?

«ሩቅ የሄደው ሰው ይመለሳል?» አሉኝ።

ደወሌ አይቼዋለሁ። እንደማይመለስ አውቃለሁ። ቅዳሜ ያዩታል ብዬ አለፍኩ። በሕይወታቸው ፊልም አይተው አያውቁም ነበር። ቅዳሜ ግን ከሁሉም ቀድመው መጡ።

የአዳራሹን መስኮቶች ከጦር ሰፈር በመጣ ግራጫ ብርድ ልብስ ሸፍነን ቀኑን አጨለምነው። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ከዚያው ከጦር ሰፈር የተዋስነው ሃምሳ አለቃ ነው። ከፊት ረድፍ ላይ ሼኩና ቄሱ የእምነት ተወካዮች ተብለው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጓድ ኃላፊ ረዘም ያለ ንግግር አደረገና፣ አሁን ዝንጀሮ ታያላችሁ ብሎ ተቀመጠ።

ሮኬት ተነሳ።

ጓድ ኃላፊ ወደ እኔ ዞረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል! ያ ጆንያ ዓይኔ ላይ መጣ፤ የባቡሩ ጩኸት ጆሮዬ ላይ መጣ። በማይክራፎን፣ ዝንጀሮው ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው አልኩ። ኦማር ይህንኑ ተረጎመው።

ሌላም መከራ ነበረ። ፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ አያወሩም ማለት ይቻላል። እኔ ዝም ስል ከኋላ ተርጉም፣ ተርጉም እንጂ የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ሰዉ እኔ እየደበቅሁት መሰለው። ሰዎቹ ዝም ብለዋል ምን ልተርጉም ብል የሚሰማኝ የለም። እንግዲህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባሁ። ሰውየው መስኮት ሲነካ ሀገሩ ናፈቀችው እላለሁ፤ ቁልፍ ሲጫን ደመወዝ ዘገየበት እላለሁ። እኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረስኩትን ኦማር እንደ ግጥም ያስረዝመዋል፤ አዳራሹ ይስቃል። ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

ቀጥሎ የተጫነው ጥቅል አራተኛው ነበር። ጢማሙ ሰው ወደ ጨለማው ወጣ። ገመዱ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሰውየው ትንፋሽ ብቻ ነው፤ እየራቀ፣ እያነሰ። ተርጉም የሚል ጠፋ። ኦማር ማይክራፎኑን ዝቅ አደረገ። ውጭ የጅጅጋ ነፋስ ብርድ ልብሶቹን ይመታል። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ተነስቶ ቆመ፤ አዴር ዋርሳሜ ነበሩ። ቁመታቸው ግድግዳው ላይ ጥላ ጣለ፤ ተቀመጡ ያላቸውም የለም። እኚህን ሰው እዚህ የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ ልጃቸውን ሁለተኛ ጊዜ ያስወሰድኩባቸውም እኔ ነኝ።

ሃምሳ አለቃው ጥቅል ቀየረ። ሸራው በራ። ያ ጨለማ የወሰደው ሰው፣ ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ፣ መንኩራኩሯ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይበላል!

አዳራሹ ከመሠረቱ ተናወጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወታደሮቹ አጨበጨቡ፣ አልሐምዱሊላህ የሚለውና ተመስገን የሚለው ተቀላቀለ። አዴር ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተው ፊታቸውን አበሱና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ይህ ሦስተኛው ጥቅል መሆኑን፣ ሰውየው ገና ያልሄደበት ጊዜ መሆኑን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ያየኛል።

«ተመለሰ» አልኩ።

ኦማርም በሶማልኛ መመለሱን ተናገረ። ያን ጊዜ ግን አላስረዘመውም።

ከዚያ ቀለሙ መጣ፤ በመጨረሻ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ዝንጀሮዎቹ መጡ። ጨረቃን አይተው ተንጫጩና ፊልሙ አለቀ። ጓድ ኃላፊ ከወንበሩ መነሳት አቃተው። ሼኩና ቄሱ ግን በአንድ ጉዳይ ላይ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሼኩ፣ ልኩን ያለፈ ሕዝብ ዝንጀሮ እንደሚሆን ከጥንት የታወቀ ነው አሉ። ቄሱም ሰማይ ካልነካሁ ያለ መጨረሻው ይኸው ነው አሉ። እንዲህ ያለ ትምህርት ሰጪ ፊልም በማሳየቱ ሁለቱም ጓድ ኃላፊን እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። እሱ እጁን ሲሰጣቸው አያለሁ፤ ነፍሱ ግን አብራው አልነበረችም።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራና ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዘዝኩ። ጨርቁን ካነሳሁ ኮንትሮባንድ ነው፤ ኮንትሮባንድ ከሆነ ዘብጥያ ነው። ስለዚህ ቸልተኛ ነኝ፣ ሰነፍ ነኝ፣ ቁጥር መቁጠር ያቅተኛል ብዬ ራሴን ገረፍኩ። የሒሳብ መምህሩ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ጓድ ኃላፊ ግን አልተመቸውም።

«ታሪክ ወደኋላ አይሄድም» አለኝ። «አንተ ግን ወሰድከው።»

በመጪው ቅዳሜ ፊልሙ በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ እንዲታይ ተወሰነ። ዳግም ከተሳሳትኩ ስህተት ነው አይባልም፤ ስሙ ሌላ ነው፤ ሪፖርቱም ወደ ላይ ይሄዳል። በዚያ ዘመን የዚህ ዓይነት ሪፖርት ከሄደ ሰውየውም ተከትሎት ይሄድ ነበር። ማክሰኞ ተቀምጬ ፊልሙን ብርሃን ላይ እየያዝኩ አምስቱንም ጥቅል ለየሁ፤ እያንዳንዱን በየቆርቆሮው አስገባሁ። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ የቆየችው እስከ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ረቡዕ ጠዋት አዴር በሩ ላይ ያዙኝ። ቅዳሜ የሚታየው ያው ፊልም ነው ወይ አሉ። ያው ነው አልኩ። ሐዋን ላመጣት ነው አሉኝ። ስለተመለሰው ሰው ሲነግሯት መጀመሪያ አላመነችም፤ ኋላ ግን እኔም በዓይኔ ልየው ብላለች። ስምንት ዓመት ከግቢ ያልወጣች ሴት ልትወጣ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ቤቱ ባዶ መሆን የለበትም። እሷ ሳትኖር ማሐድ ቢመጣ የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል።

«ሚስትህ ትቀመጥልን» አሉኝ።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ፊልሙን በትክክል ካሳየሁ ያቺ ሴት ስምንት ዓመት ጠብቃ፣ አንድ ቀን ከቤቷ ወጥታ የምታየው ጨለማው ሰውየውን ሲወስደውና ሳይመልሰው ነው። በትክክል ካላሳየሁ ደግሞ ጓድ ኃላፊ አለ። እኔም በሐሰት ተስፋ ሰው መያዝ ኃጢአት አይደለም ወይ ብዬ እውነተኛ ልመስል ሞከርኩ። ሚስቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ጨርቄን ማስወሰድህ አንሶ የሰው ልጅ ልታስወስድ ነው?» አለችኝ።

ቅዳሜ ነጠላዋን ለብሳ ወደ አዴር ቤት ሄደች። ሻይ በቴርሞስ ይዛ ነበር፤ ከመጣ ትኩስ ነገር ያሻዋል ብላ።

ሐዋ አጠር ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ የቀኑን ብርሃን በእጇ ከለለች፤ አዴር ከፊት እየመሩ ከኋላ ረድፍ አስቀመጧት። ሼኩና ቄሱ ባለፈው ቦታቸው ናቸው፤ የዝንጀሮውን ነገር ለመድገም ጓጉተዋል። ጓድ ኃላፊ ደብተር ይዞ ከአጠገቤ ተቀመጠ።

አንደኛውን ጥቅል ሰጠሁ፤ ዝንጀሮዎቹ ተንጫጩ። ጓድ ኃላፊ ጻፈ። ሼኩና ቄሱ ተያዩ፤ ቅር አላቸው። ሁለተኛውን ሰጠሁ፤ ሮኬቱ ተነሳ። ጓድ ኃላፊ አሁንም ጻፈ። ከዚያ ሃምሳ አለቃው እጁን ዘረጋ። እጄ ሦስተኛው ቆርቆሮ ላይ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔ ወደ ኋላ ሄደ። ሐዋ ሻሿን በሁለት እጇ ይዛ ሸራውን ታያለች፤ ገና ምንም የለበትም፣ ነጭ ብቻ ነው። አራተኛውን አንስቼ ሰጠሁት። ሃምሳ አለቃው ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ። የሰጠሁህን ጫን አልኩት። እሱም ወታደር ነው፣ መታዘዝ ያውቃል፣ ጫነ።

ገመዱ ሲበጠስ ዞር ብዬ ለማየት ድፍረት አጣሁ። ትንፋሹ እስኪጠፋ መሬት መሬት አየሁ። ሰውየው ተላጭቶ ቁጭ ብሎ ሲበላ አዳራሹ እንደ ባለፈው እልል አለ፤ ያዩትም እንደ አዲስ ተደሰቱ። የሐዋን ድምፅ ግን ለይቼ አልሰማሁም። በመጨረሻ ቀለሙ መጥቶ ሄደ። ጓድ ኃላፊ ደብተሩን አጠፈና፣ አሁን ታሪክ ወደፊት ሄደ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዝንጀሮው ከፊት እስካለ ድረስ መሀሉ ለእሱ ግድ አልነበረውም።

ብርድ ልብሶቹ ወረዱ፤ ሰዉ ወጣ። አዴር ሐዋን በር ላይ አቁመው ወደ እኔ መጡ። ምን አለች ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ይበላል አለች» አሉኝ። «እየበላ ነው፣ አየህ? አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም።»

ያን ጊዜ መቻል አቃተኝ። ሰው እንዲህ አምኖኝ እንዴት ዝም ልበል? አዴር፣ ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ልነግርዎት ይገባል ብዬ ጀመርኩ። ጆንያውን፣ ባቡሩን፣ ጨርቁን ሁሉ ልዘረግፈው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። ከዚያ በዚያው እጅ ቀዩን ጢማቸውን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ።

«ጢሙን አይቻለሁ፣ መምህር» አሉኝ። «በመጀመሪያው ቀን ነው ያየሁት። ሲሄድ እስከዚህ ነበር፤ ሲመጣ የለም፤ ፊቱም የጎረምሳ ሆኗል። አንተ የቀየርከው ገመድ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ እኔ አላውቅም። ጢም ግን ወደኋላ አይበቅልም።»

እንግዲህ እኔ ነኝ ስምንት ዓመት ለጠበቀ ሰው እራራለሁ ብዬ አራት ቀን እንቅልፍ ያጣሁት! ከደወሌ እስከ ድሬዳዋ እንደኔ ያለ ብልህ የለም ያልኩት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ካወቁ ለምን አመጧት አልኳቸው።

አዴር ወደ በሩ ዞረው ባለቤታቸውን አዩ። ሐዋ ፀሐዩን በእጇ ከልላ መንገዱን፣ የሚያልፉትን ሰዎች፣ ሱቆቹን ታያለች። ስምንት ዓመት ያላየችው መንገድ ነው።

«የእኛ ልጅ ሲሄድ ጢም አላወጣም ነበር» አሉኝ። «እሷ ሌላ ፊቱን አታውቅም።»

ይህን ብለው ሄዱ። ሁለቱ በመንገዱ ጥግ ጥግ እየተራመዱ እስኪታጠፉ ድረስ ቆሜ አየኋቸው። ሚስቴ ማምሻውን ስትመጣ ማንም እንዳልመጣ፣ ሻዩን እሷና ሐዋ እንደጠጡት ነገረችኝ።

ሰኞ ጓድ ኃላፊ ፊልሙን አሽጌ እንድልክ አዘዘኝ። አንደኛውን በአንደኛው ቆርቆሮ፣ ሁለተኛውን በሁለተኛው፣ አምስተኛውን በአምስተኛው አስገባሁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን ቆርቆሮ አቀያይሬ ከተትኳቸውና በደንብ አሸግኋቸው። ፊልሙ ቀጥሎ የሚታየው ወደ ድንበሩ መንገድ ላይ ባለችው ቀብሪበያ ነበር።